ጉጣም ፈትል

ባለፈው ክረምት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ዝናብ የመታቸው አንድ ሽማግሌ ከአጠገቤ ተቀመጡ። የደረቡት ባና ውኃ ጠግቦ ከጫፍ ጫፉ ይንጠባጠባል። እኛ አገር መኪና ውስጥ መስኮት መክፈት ጠብ መፈለግ ስለሆነ፣ የራሰው የበግ ጠጉር ሽታ ወዲያው አውቶቡሱን ሞላው። ከፊታችን የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፈነች። እኔ ግን ቀስ እያልኩ ወደ ሽማግሌው ተጠጋሁ። ሽቶ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ቅባት ቅባት፣ ጭስ ጭስ፣ ትንሽም እበት እበት ይላል። ሽማግሌው ሳያውቁት አንድ ሙሉ በጋ ይዘውልኝ መጥተው ነበር።

ያ በጋ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ካሉት የመጀመሪያ ዓመታት በአንዱ ነው። በየትኛው እንደሆነ እናቴን ብጠይቃት፣ ሽፈራው ከጦር ቤት ተመልሶ የአባቱን የሽመና ዕቃ ያወጣ ዓመት ነው ትለኛለች። እናቴ ዘመን የምትቆጥረው በመንግሥት ሳይሆን በጎረቤት ነው። እኔ የማስታውሰው ሁለተኛ ክፍል እንደነበርኩና፣ የወለቀው የፊት ጥርሴ እስኪተካ ድረስ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን እንደነበር ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ማርያም ናት። ከቤታችን ሽቅብ ትንሽ ታስኬዳለች፤ ክብ ናት፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ወለሏም ድንጋይ። ጥቅምት ሲገባ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ያ ወለል ደግሞ ብርዱን ሁሉ ሲጠጣ አድሮ ጠዋት ለእግራችን ያካፍላል። ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። እኛ ልጆች አንዱን እግራችንን በሌላው ላይ እየጫንን፣ ሲደክመን እየቀያየርን እናስቀድሳለን። እናቴ ለምን እንደ ዶሮ ትቆሚያለሽ እያለች ትቆነጥጠኛለች። እሷ ራሷ የነጠላዋን ጫፍ ከእግሯ ሥር ሸጉጣ እንደምትቆም ግን በዐይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሴው ሲረዝምብኝ የማየው የኔታን ነበር። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ዐይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል። ከቅጽሩ ጥግ ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ተማሪያቸው የመቋሚያቸውን ጫፍ ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያመጣቸዋል። እዚያ ሲደርሱ በረባሷቸውን ያወልቁና "በል በቃህ" ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካቸውም። አዲስ የመጣ ዲያቆን አንድ ቀን ክንዳቸውን ቢይዝ እጁን ቀስ አድርገው መልሰው፣ በአባታቸው ቤት መንገድ የሚያሳያቸው ሰው እንደማያሻቸው ነግረውታል። ብቻቸውን ይገባሉ፣ ከበሮው ዘንድ ሲደርሱ ዘወር ይላሉ፣ ከዚያ ከአንድ ዐምድ ሥር ሄደው ይቆማሉ። ሰው አይገፉም፤ እጃቸውን እንኳ ወደ ፊት አይዘረጉም።

ለዚህ ነገር እኔ የራሴ መልስ ነበረኝ። የኔታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያያሉ። ጫማቸውን በር ላይ እንደሚተዉ ዕውርነታቸውንም እዚያው ይተዉታል፤ ሲወጡ ሁለቱንም ይለብሳሉ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። ለማረጋገጥ አንድ እሑድ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ምላሴን አወጣሁባቸው። ዝም አሉኝ። ቅዱስ ሰው ስለሆኑ ነው እንጂ አይተውኛል ብዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ከእናቴ ጀርባ እደበቅ ነበር።

የጥቅምት ወር አንድ እሑድ፣ ሕዝቡ ሊወጣ ሲል፣ የኔታ ቆመው ከነበሩበት ድንጋይ ላይ እናቴ ደም አየች። ውርጭ ተረከዛቸውን ሰንጥቆት ነበር። እሳቸው አልተናገሩም፤ በረባሷቸውን አጥልቀው ሄዱ።  በወሩ የማርያም ማኅበር ሲደርስ እናቴ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥታ፣ ለቅኔ ማኅሌቱ ወለል ዝተት እናሠራ አለች። ዝተት ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው። ጠጉሩ ከየቤቱ፣ ፈትሉ ከየሴቱ እጅ፣ ሽመናው ከሽፈራው፤ ለጥር ማርያም ይድረስ አለች። አንዱ የማኅበርተኛ ባል ከደብረ ብርሃን የተሠራ ምንጣፍ ቢገዛ ይቀላል ብሎ ነበር። እናቴ "እጃችን ተቆርጧል እንዴ?" ብላ አየችው። ወሬው እዚያ ላይ አለቀ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ በግ በግ ሸተተ። በጎቹ ተሸልተው በዚያ ውርጭ ዕርቃናቸውን ቀሩ፤ አባቴ ለጊዜው እቤት ውስጥ አሳደራቸው። ጠጉሩን የምናጥበው ወንዝ ወርደን ነው። ውኃው እጅ ይቆርጣል። ሴቶቹ ጠጉሩን ድንጋይ ላይ ሲወቅጡት ቅባቱ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ እኛ ልጆች የታጠበውን ቁጥቋጦ ላይ እናሰጣለን። ማታ እጄን ታጥቤ እንኳ ሽታው አይለቀኝም። አባቴ ደጋኑን እየጠቀጠቀ የደረቀውን ጠጉር ሲነድፈው ቤቱ ሁሉ ይበንን ነበር፤ ሽምብራ ቆሎ ስንበላ ከሽምብራው እኩል ጠጉር እንበላለን።

የደብሩ ቄስ መምሬ ኃይሉ ለሴቶቹ ሥርዓት አበጁላቸው። ለእመቤታችን የሚፈተል ፈትል በንጹሕ እጅ ይያዝ፤ እንዝርቱ ከመሾሩ በፊት በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይደገም፤ ሰው እየታማም አይፈተል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ነበሩ። ሦስተኛው ግን ሴቶቹን ፈተናቸው። እቤታችን ግቢ ፀሐይ ላይ ተሰብስበው ሲፈትሉ፣ አንዷ ጎረቤታችን ወሬ ሲመጣባት እንዝርቷን ቀስ አድርጋ ሰፌድ ላይ ታስቀምጣለች። የሆዷን ተናግራ ስትጨርስ ደግሞ እጇን ታጥባ፣ አማትባ፣ እንዝርቷን ታነሣለች። የእሷ ፈትል ከሁሉም የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔም ልፍተል አልኩ። እናቴ መጀመሪያ አልሰማችኝም። ሦስት ቀን ከነጋ እስከ መሸ ስነዘንዛት የአሮጌ እንዝርት ስባሪ ሰጠችኝ። እናቴ በአገሩ የታወቀች ፈታይ ናት፤ ከበግ ጠጉር የምታወጣው ክር ከጥጥ የወጣ ይመስላል። የእኔ ደግሞ እዚህ ጋ ይወፍራል፣ እዚያ ጋ ይሳሳል፣ በየመሐሉ ባቄላ የዋጠ ይመስል ጉጥ ጉጥ ይላል። መጀመሪያ የሞላሁትን እንዝርት ይዤላት ስሮጥ፣ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሐል አሳለፈችውና ጉጡ ላይ ቆመች።

"ይህ ለአህያ መጫኛ ይሆናል" አለችኝ። "ለማርያም አይሆንም።"

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ለእግዚአብሔር ቤት የሚሰጥ ነገር ከሁሉ የተሻለው መሆን አለበት ብላ የምታምን ሴት ናት፤ መባ የምትወስደው ስንዴ እንኳ ተለቅሞ፣ የተሰበረው ፍሬ ለዶሮ ተጥሎ ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ከጎታው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። ማርያም የእኔን ፈትል አልፈልግም ያለችኝ ነበር የመሰለኝ። ሌላው ሁሉ ከእሷ ወለል ላይ ይነጠፋል፤ የእኔ ለአህያ ነው።

ቢሆንም አልተውኩም። በግትርነት እናቴን ነው የወጣሁት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁራሼን ጎርሼ እፈትላለሁ። አስተማሪያችን ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብሎ ሲጠይቀን፣ ሌላው ሐኪም፣ ሾፌር፣ መምህር ሲል እኔ ፈታይ አልኩ። ክፍሉ ሳቀብኝ። የመኪና ሾፌር ከመሆን ፈታይ መሆን ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የፈተልኩትን ሁሉ እናቴ በጣቷ ታሳልፈዋለች፣ ጉጡ ላይ ትቆማለች፣ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ትከተዋለች። ጆንያው ከጎታው ጀርባ ቀስ በቀስ እያበጠ ሄደ። ጥሩው ፈትል ወደ ሽፈራው ይሄዳል፤ የእኔ ወደ ጆንያው።

ጋሽ ሽፈራው የሽመና ዕቃውን ቅጽሩ ውስጥ ትልቁ ጽድ ሥር ተክሎ ነበር የሚሠራው። ስለ ጦርነቱ ብንጠይቀው አይነግረንም፤ "እንኳን ቀረ" ይለናል፣ እጁ ግን አያቆምም። ዝተቱ በጠባብ በጠባቡ እየተሠራ በኋላ ጎን ለጎን ይሰፋል። ጥቁሩ ከጥቁር፣ ቡናማው ከቡናማ በግ፤ ቀለም የሚባል አልነካውም። ገና አልፎ ጥምቀት ሲደርስ ተሰፍቶ አለቀና ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ሴቶቹ ዙሪያውን እየሄዱ በመዳፋቸው ዳበሱት። እኔም ዳበስኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እጅ የሚይዝ ነገር የለውም፤ አንድ ጉጥ እንኳ አጣሁበት።

ለጥር ማርያም ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ተነጠፈ። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ በጊዜ መጥተው በሴቶች በኩል ተደርድረዋል። የተሰበሰቡት ለዋዜማው ብቻ አይደለም፤ የኔታ እግራቸውን ሲያሳርፉ ሊያዩ ነው። ተማሪው አመጣቸው። በረባሷቸውን አወለቁ። "በል በቃህ" አሉት። አንድ እግራቸው ዝተቱ ላይ ሲያርፍ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

የኔታ ቆሙ። ፊታቸው ላይ የማላውቀው ነገር መጣ። አንድ ሁለት ተራመዱ፣ ደግሞ ቆሙ። ከዚያ ወደማይሄዱበት አቅጣጫ ሄዱና ከበሮውን በእግራቸው መቱት። ከበሮው ብቻውን ድም አለ። አንዳንዱ ማኅሌት የተጀመረ መስሎት ቀና አለ። የኔታ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አየሩን ሲዳብሱ አየኋቸው። ተማሪው ሮጦ ገብቶ እጃቸውን ያዘ፣ እሳቸውም አልከለከሉትም። ዐምዳቸው ሥር አቆማቸው።

ዋዜማው ሲያልቅ ወደ ሴቶቹ ዞር ብለው "እግዜር ይስጥልኝ፣ እግሬ ሞቀ" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን እልልታው አልወጣልኝም። የኔታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ታውረው ነበር፤ ይህን ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ያደረግነውም እኛ ነን። ለምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ከዝተቱ ጋር አንድ ነገር እንዳለው አልጠፋኝም።

በሚቀጥለው እሑድ የኔታ አልመጡም። አሟቸዋል ተባለ። በሌላውም እሑድ አልመጡም። ሴቶቹ በሶና ለተረከዛቸው የሚሆን ለጋ ቅቤ ይዘው እየሄዱ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው መርቀው ይሸኟቸዋል። ወዲያው ደግሞ ለኪዳነ ምሕረት ተሰናብተው ወደ መርሐቤቴ ቆላ ሊወርዱ ነው፣ እዚያ ካለች እህታቸው ዘንድ ሊቀመጡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ብርዱን አልቻልኩትም አሉ ተባለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ግራ ገባት። ወለሉ ድንጋይ ሳለ ያልሄዱ ሰው ወለሉ ሲሞቅ ይሄዳሉ እንዴ እያለች ታጉረመርማለች። የኔታ ከሄዱ ማርያም ዜማ የሚያነሣላት አልነበረም። ያሉት ተማሪዎች ገና ነበሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቂጣ በቅቤ አስይዛ ወደ ጎጇቸው ላከችኝ። ተማሪው ቁራሽ ሊለምን ወጥቷል። የኔታ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ምግቡን አስቀምጬ መሄድ ሲገባኝ ቆሜ ቀረሁ። ቀረብ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የኔታ፣ ዐይንዎን ያጠፋነው እኛ ነን?"

ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከጫማቸው ጋር በር ላይ ስለሚተዉት ዕውርነት፣ ስለ ከበሮው፣ ምላሴን ስለማውጣቴ ሳይቀር። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ ደጃፋቸው ላይ እንድቆምና ከእግሬ ሥር ያለውን እንድነግራቸው አዘዙኝ። መሬት ነው አልኳቸው። "እስቲ ዐይንሽን ጨፍነሽ" አሉኝ። ጨፈንኩ። ፀሐይ የመታው ቦታ ይሞቃል፤ ጥላው ጋ ይቀዘቅዛል። ጠጠር አለ፣ እርጥብ አለ፣ የታጨደ ሣር ጉቶ አለ። መሬት ብቻ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑ ወለልም እንዲያ እንደነበር ነገሩኝ። ደጃፉ ላይ መሐሉ የጎደጎደ ድንጋይ አለ። ከእሱ የሚነሣው ስንጥቅ እስከ ከበሮው ይወስዳል። ከዚያ ሲረገጥ የሚነቃነቅ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ዘወር ማለት ነው። ከዐምዱ ሥር ደግሞ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፣ አንዳንድ እግር የሚይዙ። የእሳቸው የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙበት ነው፤ እሳቸውም በተራቸው ከመምህራቸው የተረከቡት። "እግሬን እዚያ ሳሳርፍ የኔታዬ ከጎኔ ያሉ ይመስለኛል" አሉኝ። አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖባቸዋል። እየተጎተቱ መቆም ደግሞ አልፈለጉም።

"ታዲያ ይነሣልኝ አይሉም?"

"ሴቶቹ በጋውን ሙሉ ለእኔ እግር ብለው ፈተሉ" አሉኝ። "አንሡልኝ ብዬ ላሳፍራቸው? መሄድ ይሻለኛል።"

ይህን ለእናቴ እንዳልነግር አስጠነቀቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ለማያዩ ሰው ራስ መነቅነቅ ቃል መስጠት አይደለም ብዬ እስከ ቤቴ ድረስ ስከራከር ሄድኩና፣ ገና ከደጅ ሳልገባ ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ እየፈተለች ነበር። እንዝርቱ ዞሮ ዞሮ ብቻውን ቆመ። መደቡ ላይ ተቀመጠችና እጇን አየች። "እግራቸውን አሞቅን ብለን ዐይናቸውን ጋረድንባቸው" አለች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ እናቴ በቀላሉ የምታለቅስ ሴት አይደለችም።

በማግስቱ መምሬ ኃይሉን፣ ጋሽ ሽፈራውንና የማኅበሩን ሴቶች ጽዱ ሥር ሰበሰበቻቸው። እኔ ምስክር ተደርጌ መሐል ቆምኩ። መምሬ ዝተቱ ይነሣ አሉ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ያ ሁሉ ድካም ነው። እናቴ ግን፣ ዝተቱ ከተነሣ የኔታ እኔ ምስጢራቸውን እንዳወጣሁ ያውቃሉ፣ አፍረው ይሄዱብናል አለች። ጋሽ ሽፈራው መንገዱን ተከትሎ መቁረጥም ይቻላል፣ ግን የተቆረጠ ዝተት ይተረተራል አለ። ከዚያ ጢሙን እያሻሸ፣ ከታች ያለውን መንገድ ከላይ በጉንጉን ቢሰፋበት እግራቸው ያገኘዋል አለ።

ከተረፈው ጥሩ ፈትል ወፍራም ጉንጉን ሠርቶ ዝተቱ ላይ አስተኛው። ጫማውን አወለቀ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ሄደ። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ሳተው። ደግሞ ሞከረ፤ መምሬ ኃይሉ ላይ ሄዶ ተላተመ። ሴቶቹ ሳቁን አልቻሉትም። ፈትሉ ከዝተቱ እኩል ልስልስ ስለሆነ ሰምጦ ይጠፋል፣ እግር አይለየውም። አንዷ የፍየል ጠጉር ይሁን አለች። "ይዋጋል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ አይችለውም" አላት። የሚያስፈልገው ለስላሳ ሆኖ ሸካራ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ፈትል ደግሞ በአገሩ የሚፈትል የለም አለ።

እናቴ ተነሥታ ወደ ቤት ወረደች። ስትመለስ ጆንያው ጀርባዋ ላይ ነበር። ያንን ጆንያ ከሩቅ ሳውቀው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያ ሁሉ ሴት ፊት አፈሰሰችው። ጋሽ ሽፈራው አንዱን አንሥቶ በጣቱ አሳለፈ፤ ጉጡ ላይ ቆመ፣ ሄደ፣ ደግሞ ቆመ። ሸማኔ ሆኖ እንዲህ ያለ ፈትል እንዳላየ ተናገረ። ማን እንደፈተለው ጠየቀ።

"ልጄ ናት" አለች እናቴ።

አንገቷን ቀና አድርጋ ነው ያለችው። እኔ እሷ ሌላ ልጅ ያላት ይመስል ዞር ብዬ አየሁ።

ሥራው ሳምንት አልፈጀም። ተማሪው ሰማንያ ቦታ እየተንበረከከ ከዝተቱ ሥር ያሉትን ድንጋዮች በእጁ ፈለገ፤ ጋሽ ሽፈራው ከላይ ምልክት አደረገ። ከደጃፉ እስከ ከበሮው፣ ከከበሮው እስከ መዞሪያው፣ ከመዞሪያው እስከ ዐምዱ የእኔ ፈትል ተጎንጉኖ ተሰፋ። ዐምዱ ሥር ሲደርስ እግር እግር የሚያካክሉ ሁለት ክቦች አዙሮ ጨረሰው። የኔታ ምንም አልሰሙም። ጓዛቸው፣ አንዲት ስልቻና አንድ ደበሎ፣ ታስሮ ተቀምጧል።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ሊሰናበቱ መጡ። በረባሷቸውን አወለቁና፣ ከመቼውም ይልቅ የከፋኝ ይህ ነው፣ ለተማሪው እጃቸውን ሰጡት፤ ምራኝ ማለታቸው ነው። ተማሪው መምሬ እንደመከሩት ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለ። የኔታ እጃቸው ተዘርግቶ ብቻቸውን ቀሩ።  እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛው ነበር፤ ኋላ ላይ በልዞ አየሁት።

ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ሰደዱ። ጣቶቻቸው ጉንጉኑን ነኩና ተሰበሰቡ። ደግመው ዳበሱት። ግራ እግራቸውን አመጡ። የተዘረጋውን እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ መቋሚያቸው መለሱት። ከዚያ ሄዱ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከከበሮው ሲያልፉ እንደ ድሮአቸው ሄዱ። ዐምዱ ሥር ሲደርሱ እግሮቻቸው አንድ በአንድ ክቦቹ ውስጥ ገቡ። ግንባራቸውን ዐምዱ ላይ አስደግፈው ቆዩ።  ቀና ብለው ዜማውን ሲያነሡ ድምፃቸው ሙሉ ነበር፣ ጣራው ላይ ደርሶ ይመለሳል። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና እኔን ደግሞ አታልቅሺ እያለች ትቆጣኛለች።

ሕዝቡ ሲወጣ የኔታ ጽዱ ሥር ተቀምጠው ያቺን አፈኛ ልጅ አምጡልኝ አሉ። እናቴ ገፋ አደረገችኝ። ቀረብኩ። ፈትሉን የፈተለችው ማን እንደሆነች ጠየቁ፤ እሷው ናት አሏቸው። እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሱ። እንዝርቱ ውኃ አስቋጥሮት የነበረው ጣቴ ላይ ቆሙ።

"ገና ናት" አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ይህም በእግር ብዛት ማለቁ አይቀርም፣ ልጄ። እጅሽ ሳይለምድ ብዙ ፍተይልኝ።"

ስለ መርሐቤቴ ከዚያ ወዲህ የተነሣ ነገር የለም። ስልቻውም ተፈታ።

እኔም ጾሙን ሙሉ ፈተልኩ። ፋሲካን አሳልፌ ፈተልኩ። አሁን ማንም አያርመኝም፤ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ የራሷን ትፈትላለች። ነገር ግን እጄ እምቢ አለኝ። እያንዳንዱ እንዝርት ካለፈው ይልቅ ይስተካከላል። ሆን ብዬ ጉጥ ላደርግበት ስሞክር ክሩ ይበጠሳል፤ ያለማወቅን አውቆ መሥራት አይቻልም። ያ ጉጥ ጉጥ የሚያደርገው እጄ የት እንደሄደ አላወቅሁም። ግንቦት ላይ ጆንያው ውስጥ ለየኔታ የሚሆን ጉጣም ፈትል አንድ ሁለት ብቻ ነበር ያለው፤ ከዚያ በኋላ የተጨመረው ሁሉ ልስልስ ነው።

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ጣራውን ሲደበድብ፣ እናቴ ያን ቀን የፈተልኩትን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ሄደች። በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሐል አሳለፈችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፤ የትም አልቆመችም። ደግማ አሳለፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ሁሉ በርቷል።

"ይኸውልሽ" አለችኝ። "አሁን ለማርያም ይሆናል።"

ከኅዳር ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው። ጆንያው ውስጥ ፊቴን ቀብሬ አለቀስኩ። ጣራው በጎታው በኩል አፍስሶ ጠጉሩን አርሶት ነበር፤ በግ በግ ይሸታል። እናቴ ደስታ መስሏት ጀርባዬን ደባበሰችኝ።